የአንድ ዓመት ግምገማ፦ ሣሩ ሸጋ፣ ችግኙ ሸጋ፣ አፈሩ ግን ቅንጨ የሚባል አረም ይዞብን መጣ

አምና ግንቦት ላይ ለግቢያችን ሣር፣ አፈርና ችግኝ ገዛን። ይሄን ግምገማ ያኔውኑ ጽፌው ቢሆን ኖሮ ሙሉ ነጥብ እሰጥ ነበር። እንኳንም ቆየሁ። አፈር ክረምት ሳይወርድበት አይታወቅም።

የምኖረው ቀበና አካባቢ ነው፣ ከወንዙ ብዙ በማይርቅ ኮንዶሚኒየም። በእኛ ብሎክ 40 አባወራ አለ። ሥራዬ ማስተማር ነው፣ አራት ኪሎ አካባቢ። በብሎካችን ኮሚቴ ውስጥ ደግሞ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ስለዚህ ብሩ የወጣው ከእኔ እጅ ነው። ለጎረቤቶቼም መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ።

ከብሎኩ ፊት ለፊት ያለው ባዶ ቦታ ለዓመታት በጋ አቧራ፣ ክረምት ጭቃ ነበር። ልብስ ይሰጣበታል፣ መኪና ይቆምበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። የኮሪደር ልማቱ ፒያሳንና አራት ኪሎን አረንጓዴ ሲያደርግ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ «የእኛስ ግቢ?» ይሉን ጀመር። ተሰበሰብን። በአባወራ 800 ብር አዋጣን። 32 ሺህ ብር ሆነ።

መሸጫው መንገድ ዳር ነው። ስሙን አልጽፍም። የገጠመን ነገር የእነሱ ብቻ ጥፋት አይደለም፤ ከተማው ውስጥ አፈር ጭኖ በሚሸጥ ማንኛውም ሰው ላይ ሊደርስ ይችላል። የአንዱን ስም አንስቼ ሌላው ንጹህ እንዲመስል አልፈልግም።

ሥራውን የሚሠሩት ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት ናቸው፤ ሁሉም ወጣቶች። ችግኞቹ በጥቁር ፕላስቲክ ተደርድረዋል። ቡገንቪሊያ አለ፣ ጽጌረዳ አለ፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ አሪቲ። ችግኙን የምትይዘው ልጅቷ ናት። እጇ ላይ ያለው እንክብካቤ ያስደስታል። አንድ የጽጌረዳ ችግኝ አንስቼ ሳይ «ቲቸር፣ እሱን ተይው፤ ሥሩ ገና ነው፣ ይሞትብሻል» አለችኝ። ለመሸጥ የቸኮለ ሰው እንዲህ አይልም። ያኔውኑ አመንኳቸው።

ዋጋው እንዲህ ነበር። ሰርዶ ሣር በካሬ 250 ብር፣ 60 ካሬ ወሰድን። አፈር አንድ ገልባጭ አይሱዙ 9,500 ብር። መሬቱን ቆፍረው፣ አስተካክለው፣ ሣሩን ለመትከል 7,500 ብር። ድምሩ ልክ 32 ሺህ። ችግኝ 12 ፍሬ በነፃ ጨመሩልን።

ሥራውን በሁለት ቀን ጨረሱት። በሰዓታቸው መጡ። ድንጋዩንና የፌስታሉን ቁርጥራጭ ለቅመው አወጡ። ሣሩን በመስመር ተከሉት፣ ውሃ አጠጡት። ማታ ላይ ግቢውን ጠርገው ሄዱ። የተቆፈረ ግቢ ጠርጎ የሚሄድ ሠራተኛ አግኝታችሁ ከሆነ ምን ያህል እንደተደሰትኩ ይገባችኋል።

አፈሩ ራሱ ሲታይ ያስጎመጃል። ጥቁር፣ ፈርከስከስ የሚል፣ እርጥብ ሽታ ያለው። ጎረቤቶቼ በባልዲ እየቀነሱ ለበረንዳ ማሰሮዎቻቸው ወሰዱ። እኔም ወሰድኩ። «ከየት ነው የመጣው?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። እኔ እንኳን አልጠየቅኩም። የገበሬ ልጅ ሆኜ።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ገባ። ሣሩ በሦስት ሳምንት መሬቱን መያዝ ጀመረ። ሐምሌ መጀመሪያ አካባቢ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቡናዬን ይዤ ሣሩ ዳር ቆምኩ። በሰርዶው መሃል መሬት ላይ ለጥ ብሎ የተኛ፣ እንደ ሳህን ክብ የሆነ ቅጠል አየሁ። ገርጣ ያለ አረንጓዴ ነው። ቅጠሉ እንደ ካሮት ቅጠል የተሰነጣጠቀ ነው። ጎንበስ ብዬ ነካሁት። ለስላሳ ጸጉር አለው። ሌላ አየሁ። ሦስተኛ። ከዚያ መቁጠር ተውኩ።

አንደኛ ፎቅ ያሉት እናታችን በመስኮት ሆነው «አሪቲ በቀለልን እንዴ የኔ ልጅ?» አሉኝ። እውነት ነው፣ ከሩቅ ሲያዩት አሪቲ ይመስላል። አንድ ቅጠል ቀጥፌ በጣቴ አሸሁት። አሪቲ ቢሆን ኖሮ ሽታው እጄ ላይ ይቀር ነበር። ይሄ ምንም አይሸትም። ቡናዬን መሬት አስቀመጥኩ። ሆዴ ባር ባር አለኝ። የማውቀው ነገር ነው።

ያደግኩት ቆቦ ነው፣ ሰሜን ወሎ። በእኛ አገር ይሄን አረም ቅንጨ ይሉታል። የመጽሐፍ ስሙ ፓርቴኒየም ነው። ሲያብብ ነጫጭ፣ ደቃቅ አበባዎቹ እንደ ተከካ ስንዴ ተበትነው ይታያሉ። ከአቀንጭራ ጋር የሚያምታቱት ሰዎች አሉ። አቀንጭራ ሌላ ነው። እሱ የማሽላን ሥር ተጣብቆ የሚመጥ፣ ሐምራዊ አበባ ያለው አገር በቀል ጠላት ነው። ቅንጨ ግን እንግዳ ነው። አገሩ አሜሪካ ነው፤ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ያለው ሞቃት ምድር።

ወደ እኛ አገር እንዴት ገባ ለሚለው ሁለት ወሬ አለ። አንዱ፣ በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ በምሥራቅ በኩል ከሚመላለሱት ከባድ መኪኖች ጋር መጣ ይላል። ሌላው ከዕርዳታ ስንዴ ጋር መጣ ይላል። መጀመሪያ የታየው በ1970ዎቹ ውስጥ በድሬዳዋና በሐረርጌ በኩል ነው፤ እህል ይከፋፈልባቸው በነበሩ ቦታዎችም አካባቢ በብዛት ተገኝቷል። አባቴ የሚያምነው ሁለተኛውን ነበር። «በ77 የበላነው ስንዴ ነፍሳችንን አተረፈ፤ ውስጡ የነበረው ግን መሬታችንን በላ» ይል ነበር። ይሄን ሲል ማማረሩ አልነበረም። ስንዴው ባይመጣ እኔም ላልኖር እችል ነበር። ግን የሆነውን ነገር እንደሆነው ነው የሚናገረው።

ልጅ ሆኜ የማስታውሰው ወተቱን ነው። ላማችን ሣር ስታጣ ቅንጨ ትነጭ ነበር። ከብት ወዶ አይበላውም። ሌላ ሲጠፋ ግን ምን ያድርግ። በዚያ ሰሞን እናቴ የምታልበው ወተት ይመርራል። እርጎውም ይመርራል። እናቴ ዕቃው ቆሽሾ መስሏት ቅሉን ደጋግማ ታጥነው ነበር። በወይራ ጭስ ታጥና፣ አጥባ፣ እንደገና ታጥና። ምሬቱ ከቅሉ አልነበረም።

እንግዲህ ይሄ ነው ቀበና ላይ፣ በ32 ሺህ ብር በተሠራ ሣር መሃል የበቀለው።

ስለዚህ አረም አንድ ነገር ደጋግሜ ሳነብ ያስተዋልኩት አለ። ሩቅ አገር ሲገባ ብዙ ጊዜ ራሱን ችሎ አልገባም። ሰው ራሱ ፈልጎ ካመጣው ነገር ውስጥ ተደብቆ ነው። ሕንድ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ከአሜሪካ ከመጣ ስንዴ ጋር ገባ ይባላል፤ ዛሬ የማይገኝበት የሕንድ ክፍል ጥቂት ነው። አውስትራሊያ አንዴ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከአሜሪካ ጦር ዕቃ ጋር ገባ ይባላል። ሁለተኛው ደግሞ በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ከቴክሳስ ከመጣ የሣር ዘር ጋር ነው። የግጦሽ መሬት ሊያለሙ ነበር የገዙት። ያን ሳነብ የእኛው 60 ካሬ ሰርዶ ፊቴ ላይ መጣ።

ዘሩን በቅርብ አይቼዋለሁ። ትምህርት ቤት ካለው አጉሊ መነጽር አንዱን ተውሼ፣ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ የደረቀ አበባ ፈረፈርኩ። አበባው ራሱ ከምስር ፍሬ አይበልጥም። ክብ ይመስላል እንጂ ክብ አይደለም፤ አምስት ጥግ አለው። በየጥጉ አንድ ዘር ይቀመጣል። ከአንዷ አበባ አምስት ዘር ማለት ነው። ዘሩ ጥቁር ነው፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ፣ አንድ ወገኑ ሾጠጥ ያለ። ግራና ቀኙ ላይ ሁለት ስስ፣ ደረቅ፣ ክንፍ የመሰሉ ነገሮች ተለጥፈዋል። አየር ይይዛሉ። አንዱን ዘር የቡና ሲኒ ውስጥ ውሃ ላይ ጣልኩት። አልሰጠመም። ተንሳፎ ቀረ።

ይሄን ካያችሁ በኋላ እንዴት እንደሚዛመት ማንም ሊነግራችሁ አይገባም። ጎርፍ ይወስደዋል። ጭቃ ሆኖ ጎማ ላይ ይለጠፋል፤ በሬ ኮቴ ውስጥ ይገባል፤ ጫማ ሥር ይቀመጣል። ድርቆሽ ውስጥ ይታሰራል። አሸዋና ጠጠር ሲጫን አብሮ ይጫናል። ነፋስም ትንሽ ይወስደዋል፤ ግን ሩቅ የሚያደርሰው መኪና ነው። ለዚህ ነው ከገጠሩ ማሳ ይልቅ መጀመሪያ መንገድ ዳር የምናየው። ወደ አዳማ ወይም ወደ መተሐራ ስትሄዱ ከአስፋልቱ ጠርዝ ጀምሮ እየነጣ የሚከተላችሁን አበባ አስተውሉ። ብዙ ሰው የዱር አበባ መስሎት ፎቶ ይነሳበታል።

አንድ በደንብ ያደገ ተክል ከ10 ሺህ በላይ ዘር ይሰጣል። በቂ ውሃ ካገኘ ከበቀለ ከአንድ ወር እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ያብባል። ወቅት አይጠብቅም። እርጥበት ባገኘ ቁጥር ይበቅላል። መሬት ላይ የቀረው ዘር ቶሎ ይሞታል፤ አፈር ውስጥ የተቀበረው ግን ለዓመታት ሕይወት አለው። ስለዚህ «ቆፍሬ ገለበጥኩት፣ ጠፋ» ማለት አይሠራም። ቆፍሮ መገልበጥ አደራ ማስቀመጥ ነው። ደግሞ ሥሩና ቅጠሉ ሌላ ተክል እንዳይበቅል የሚከለክል ነገር ይለቃል። ሣሩን ቀስ ብሎ ያስለቅቀዋል።

እኛ ግቢ የሆነውን ልቀጥል።

ከጥበቃችን ጋር ተነጋገርን። ጋሼ ደግ ሰው ናቸው። «ተይው እኔ አጸዳዋለሁ» አሉ። እኔ ለፈተና ወረቀት እርማት ተቀምጬ ሁለት ሳምንት አለፈኝ። ይሄ የእኔ ጥፋት ነው። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ስወጣ የተወሰነው ቁመቱ ጉልበቴ ደርሷል። ግንዱ ላይ ቁልቁል የወረዱ መስመሮች አሉ። አናቱ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ሆኖ ነጭ ለብሷል። የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቴ ትንሿ ልጅ እቅፍ ሙሉ ቀጥፋ «ቲቸር፣ የሙሽራ አበባ!» ብላ አመጣችልኝ። እውነቷን ነው፣ ያምራል። በሠርግ እቅፍ አበባ ውስጥ እንደሚገቡት ደቃቅ ነጫጭ አበቦች ነው። ከእጇ ስቀበላት አኩርፋ ሄደች። እጇን በሳሙና አሳጠብኳት። ያኮረፈችው ፊቷ እስካሁን ያሳዝነኛል።

ጋሼ ደግሞ በዚያው ቀን በባዶ እጃቸው ሲነቅሉ ዋሉ። በማግስቱ ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ቀልቶ፣ ዓይናቸው አብጦ መጡ። ክሊኒክ ሄደን ቅባት ታዘዘላቸው። የአረሙ ጸጉርና የአበባው ብናኝ በብዙ ሰው ላይ ቆዳ ያሳክካል፤ አስም ያለበትን ደግሞ ይቀሰቅስበታል። የሕክምናውን ብር ከኮሚቴው ካዝና አወጣን። ማንም አልተቃወመም።

ከዚህ ሁሉ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ጋሼ የነቀሉትን፣ ዘር የያዘውንም ጭምር፣ በአጥሩ ላይ ወደ ወንዙ በኩል ጥለውታል። ምን ያውቃሉ፤ ቆሻሻ ነው ብለው ነው። ከአጥሩ ማዶ ያለው የቀበና ወንዝ ነው። ቀበና ወርዶ ከአቃቂ ጋር ይገናኛል። አቃቂ አባ ሳሙኤል ይገባል። ከአባ ሳሙኤል ወጥቶ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ዳር ስንት ገበሬ አለ፣ ስንት አርብቶ አደር። የሲኒው ውሃ ላይ የተንሳፈፈችው ዘር ትዝ አለችኝ። ሌሊቱን ጥሩ አልተኛሁም። በማግስቱ ጠዋት እኔና ሁለት ጎረቤቶቼ ቦት ጫማ አድርገን ወርደን ያገኘነውን ሁሉ ለቀምን። ሁሉንም አገኘን ማለት አልችልም።

አሁን ወደ መሸጫው። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ አንድ ተክል ከነሥሩ በፌስታል ቋጥሬ ሄድኩ። ከወንዶቹ አንዱ አየውና «ቲቸር፣ አረም የሌለው አፈር የት አለ? ክረምት ነው እኮ» አለኝ። ንግግሩ አላስቀየመኝም። ብዙ ሰው የሚለው ነው። ግን ሙጃ ሌላ፣ ቅንጨ ሌላ። ይሄን እያስረዳሁት ሳለ ችግኝ የምትይዘው ልጅ እጇን እየጠረገች መጣች። ፌስታሉን ከፈተች። ፊቷ ተለወጠ። «ይሄማ ፈረምሲሳ ነው» አለች።

አያቷ ሐረርጌ ናቸው። እዚያ በኦሮምኛ የሚጠሩት እንዲህ ነው። የሚያስፈርም ማለት ነው፤ መሬትህን ፈርመህ ልቀቅ የሚል። እኛ ወሎዎች በመልኩ ጠራነው፤ እነሱ በሥራው ጠሩት። እኔና እሷ አንዳችን የሌላውን ስም ሳናውቀው የኖርን፣ አንድ አረም ያሳደደን ሰዎች መሆናችን ነው። ቆመን ብዙ አወራን።

እሷ ናት ሾፌሩን ደውላ የጠየቀችው። ነገሩ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። አፈሩ ራሱ ለግንባታ ከተቆፈረ ቦታ የመጣ ነው። ግን ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት ለሁለት ክረምት ሜዳ ላይ ተከምሮ ቆይቷል። እዚያው ክምር አጠገብ ከሞጆ በኩል የሚመጣ አሸዋ ይራገፍ ነበር። አሸዋው ይሁን፣ መኪናው ይሁን፣ አንዱ አመጣው። ክምሩ ላይ በቀለ፣ አበበ፣ ዘሩን ጣለ። ከዚያ አካፋ ገባበትና ተገልብጦ ተጫነልን። እኛ ደግሞ ውሃ አጠጣነው።

ምላሻቸውን በሐቅ ልናገር። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አራቱም መጡ። ጓንት አድርገው፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ነቀሉ። ክፍያ አልጠየቁም። ያበበውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቀው አስረው ወሰዱና አቃጠሉት። የተጎዳውን ሣር በአዲስ ተኩልን። ብር መመለስ አልቻሉም፤ እኔም አጥብቄ አልያዝኳቸውም። ያ ቅዳሜ ከግምገማዬ ላይ ብዙ ነጥብ ይመልስላቸዋል።

ታዲያ ለምን አፈራቸውን ግዙ አልልም? መጋቢት ላይ በመሸጫው በኩል አለፍኩ። አዲስ የአፈር ክምር አለ። በክምሩ ጠርዝ፣ ከግንቡ ሥር፣ ሁለት ቅንጨ ነጭ አበባ አውጥቶ ቆሟል። ገብቼ ነገርኳቸው፤ ወዲያው ነቀሉት። ግን እኔ ባላልፍስ? ክምሩን በሸራ አይሸፍኑትም። ከየት እንደመጣ አይመዘግቡም። ከመሸጣቸው በፊት ውሃ አጠጥተው ምን እንደሚበቅል አያዩም። ይሄ ብዙ ወጪ የሚያስወጣ ነገር አይደለም። ዓይን ብቻ ነው የሚፈልገው። ልጅቷ ዓይኑ አላት። የአፈሩን ሥራም እሷ ብትይዘው ደስ ይለኝ ነበር፤ ነግሬያቸዋለሁም።

ስለዚህ ፍርዴ ይሄ ነው። ችግኝ ከፈለጋችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ከእነሱ ግዙ። ከ12ቱ 11ዱ ጸድቀውልናል። የሞተው አንዱ ጽጌረዳ በኳስ ተመትቶ ነው። ሰርዶውም ጠንካራ ነው፤ የልጆች ሩጫ ችሎ አሁን ምንጣፍ ሆኗል። ሠራተኞቹ ጨዋ ናቸው። አፈሩን ግን ከእነሱም ሆነ ከማንም ስትገዙ ጠይቁ።

ምን ልጠይቅ ለሚለኝ፣ እኔ አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። ዘንድሮ ለጓሮው አትክልት ትንሽ አፈር ስንፈልግ ከሌላ ሰው በማዳበሪያ ነበር የገዛነው። መጀመሪያ ክምሩ ያለበት ቦታ ሄጄ አየሁ። ዙሪያውን ዞርኩ። ክምሩ ንጹህ ቢሆን እንኳ አጥሩ ሥርና መኪናው የሚገባበት በር ላይ ካለ ውስጡም አለ ማለት ነው። ከየት ተጫነ፣ ስንት ጊዜ ሜዳ ላይ ቆየ፣ አጠገቡ ምን ይራገፋል፣ ይሄን ጠየቅኩ። ሰውዬው መጀመሪያ ገርሞት ነበር። «እትዬ፣ አፈር እኮ ነው» አለኝ። ከዚያ አንድ ማዳበሪያ ብቻ ገዛሁ። በረንዳ ላይ በሰፊ ሳፋ ዘርግቼ ለሦስት ሳምንት ውሃ አጠጣሁት። ሙጃ በቀለ፣ አንድ ሁለት የማላውቀው ቅጠል በቀለ። ቅንጨ አልበቀለም። ከዚያ በኋላ ነው የቀረውን ያዘዝኩት። ይሄም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይሆንም፤ ሦስት ሳምንት ያልበቀለ ዘር ሊኖር ይችላል። ግን ካለማየት ይሻላል።

ግቢያቸው ውስጥ ላገኙት ደግሞ፦ ገና መሬት ላይ ለጥ ብሎ ሳለ፣ ከዝናብ በኋላ አፈሩ ለስልሶ ሳለ፣ ከነሥሩ ንቀሉት። ከላይ ብቻ ከቆረጣችሁት ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። ጓንት አድርጉ፤ ከሌለ እጃችሁን በፌስታል ጠቅልሉ። ካበበ በኋላ ከሆነ ሳታራግፉ ቀስ ብላችሁ ከረጢት ውስጥ ክተቱት። ወደ ወንዝ፣ ወደ ቦይ፣ ወደ ባዶ ቦታ አትጣሉት። አስም ያለበት ሰው እዚህ ሥራ ላይ አይግባ።

እምቦጭ ጣና ላይ ሲወጣ አገር ምድሩ ሰማ፤ ወጣቱ ከየቦታው ሄዶ በእጁ ነቀለ። ቅንጨ ግን በደረቅ መሬት ላይ፣ በየመንገዱ ዳር፣ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚሄደው። ከሜክሲኮ የተገኘ፣ ቅጠሉን የሚበላ ዚጎግራማ የሚባል ጥንዚዛ አለ። ሕንድና አውስትራሊያ ሲጠቀሙበት ቆይተዋል፤ በቅርብ ዓመታት ወደ እኛም አገር መጥቶ፣ ሌላ ሰብል እንደማይነካ ተፈትኖ ተለቅቋል። ለቆቦና ለሐረርጌ ማሳ ትልቅ ተስፋ ነው፤ አባቴ ይሄን ቢያይ ደስ ባለው። ለቀበና ግቢያችን ግን ጥንዚዛ የሚያመጣልን የለም። እጃችን ነው ያለን።

በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ከቡና በፊት እየወጣን እንነቅላለን። ጋሼ ጓንት አላቸው አሁን። ያቺ ያኮረፈችብኝ ልጅ ደግሞ ከሁላችንም በላይ ዓይኗ ሹል ሆኗል፤ ጥፍር የምታክለውን ቡቃያ ከሰርዶው መሃል ለይታ ታወጣለች። ቁጥሩን ግድግዳ ላይ ባለው የኮሚቴው ሰሌዳ እንጽፋለን። አምና ነሐሴ የመጀመሪያው ቀን መቁጠር አቅቶን «አራት ከረጢት» ብለን ነበር የጻፍነው። ጥቅምት ላይ 63። የመጋቢት ዝናብ ሲመጣ እንደገና ወደ 90 ወጣ። ባለፈው ቅዳሜ 17 ሆነ። አንዱም አላበበም።